ከሳን ሁዋን ለአንድ ቀን ወደ ባሕር፦ ኩሌብራ በፌሪ፣ ኢካኮስ በካታማራን ወይስ ሉኪዮ በመኪና?

ብርዱ ሲጠና ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። "ፖርቶ ሪኮ ልንሄድ ነው፣ የምናርፈው ሳን ሁዋን ነው፣ አንዱን ቀን ደሴት ላይ ልናሳልፈው አስበናል፤ የቱን እንያዝ?" ፖርቶ ሪኮን የሚመርጡበት ምክንያት ይገባኛል። የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች የቪዛ ጣጣ የለም፣ ከባልቲሞርም ከደለስም ቀጥታ በረራ አለ፣ መንገዱም አራት ሰዓት ገደማ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን ይዞ ይሄዳል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ሰው ግን ትኬት ሳይቆርጥ ጠበቃውን ያማክር፤ ይህን ለሁሉም አስጠነቅቃለሁ።

መልሴ ከፖርቶ ሪኮ በስተምሥራቅ ያለችው ትንሽ ደሴት ኩሌብራ ናት፦ በመንግሥት ፌሪ፣ በሥራ ቀን፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ ጉዞ። ፌሪው እምቢ ካለ በመኪና የሚደረስባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ሉኪዮ። ወደ ኢካኮስ ደሴት የሚወስደው የጎብኚ ጀልባ፣ ካታማራን፣ ለእኔ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ መጀመሪያ የሚከፍለው ለእሱ ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። በምሥራቁ ዳርቻ ካለው ከሴይባ ወደብ ወደ ኩሌብራ የሚሻገረው ፌሪ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ጉዞ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲያስከፍል ኖሯል። ለአራት ሰው ደርሶ መልስ 18 ዶላር ማለት ነው። ለጎብኚ ተጨምሮ አምስት እጥፍ ቢሆን እንኳ 90 ዶላር ነው። ከሴይባ አጠገብ ካለችው ከፋሃርዶ ከተማ የሚነሳ ካታማራን ግን ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በታች ማግኘት ይከብዳል፤ 120 እና 140 የተለመደ ነው። በ120 ብናሰላው ለአራት ሰው 480፣ ለሠራተኞቹ ቲፕ 15 በመቶ ሲጨመር ከ550 ያልፋል። በዚህ ላይ ጀልባው የሚነሳው ከፋሃርዶ ስለሆነ፣ ከሳን ሁዋን ሆቴል መጥቶ የሚወስዳችሁ መኪና ለብቻው ይከፈልበታል።

በፌሪው በኩል የሚጨመረው ደግሞ ይኸው። መኪና መከራየት አለባችሁ፤ ወደ ሴይባ ባቡር የለም፣ መንገዱም ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። በኡበር መሄድ ይቻላል፤ ችግሩ መመለሻው ነው፤ ማታ ሴይባ ወደብ ድረስ የሚመጣ ሹፌር ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። የኪራይ መኪና ወደ ደሴቷ አይሻገርም፤ አከራዮቹ በውላቸው ይከለክላሉ። ስለዚህ ወደቡ ላይ ለፓርኪንግ ትከፍላላችሁ። ወደ ምሥራቅ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ቶል አለው። ቶሉ ራሱ ጥቂት ዶላር ነው፤ አከራዩ ለቶል ብሎ በየቀኑ የሚቆርጠው ሒሳብ ግን ከቶሉ ሊበልጥ ስለሚችል ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ዴቢት ካርድ ብቻ ያላችሁም ለመያዣ ስንት እንደሚያግዱባችሁ ቀድማችሁ አጣሩ።

ኩሌብራ ስትደርሱ ከወደቡ ወደ ፍላሜንኮ ባሕር ዳርቻ የሚያመላልሱ ቫኖች ተደርድረው ይጠብቃሉ። እንደ አዲስ አበባ ሚኒባስ ሰው ሲሞላላቸው ይነሳሉ፤ ለአንድ ሰው ጥቂት ዶላር፣ በጥሬ ገንዘብ። የባሕር ዳርቻው መግቢያም እንዲሁ ጥቂት ዶላር ነው። ለፍላሜንኮ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ጂፕ ወይም ጎልፍ ካርት አትከራዩ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ነገር መክፈል ነው። ኪራዩ፣ ነዳጁ፣ ፓርኪንጉ፣ ቫኑ ሁሉ ተደምሮ የካታማራኑን ግማሽ አይሞላም።

በዚህ ገንዘብ የምታገኙት ምንድን ነው? ፍላሜንኮ በኮረብታዎች የተከበበ፣ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ አሸዋው ነጭና ደቃቅ፣ ውኃው ፀሐይ ስትወጣ አረንጓዴ ሰማያዊ። ፀሐይ ስትወጣ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በደመና ቀን ያ ቀለም አይታይም፤ ፎቶው ላይ ያያችሁት የእኩለ ቀን ፀሐይ ሥራ ነው። በዳርቻው ጫፍ የዛጉና በቀለም የተዥጎረጎሩ ሁለት ሸርማን ታንኮች ቆመዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደሴቷን የተኩስ ልምምድ ቦታ አድርጓት ነበር፤ ነዋሪዎቹ ታግለው በ1975 አስወጡት። ያልፈነዳ ተተኳሽ አሁንም አካባቢው ላይ አለ፤ የተከለከለ ቦታ የሚል ምልክት ካያችሁ አትለፉ፣ ልጆችም ከመሬት ብረት እንዳያነሱ ንገሯቸው።

ወሽመጡ ወደ ሰሜን የተከፈተ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣው ሞገድ አንዳንድ ቀን ይገባበታል። እኛ አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው፤ ዋና የምንችለውም የተማርነው ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳና ባሕር አንድ አይደሉም። ሞገዱ ከጉልበት በላይ እየመታ ከሆነ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ። ውኃው ወደ ውስጥ ቢጎትታችሁ ከጉተታው ጋር አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ጉተታው ሲለቃችሁ ውጡ።

ሰዓቱንም በሐቅ እንቁጠረው። ሳይነጋ ከሳን ሁዋን ትነሳላችሁ፣ ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ ላይ ትገኛላችሁ፣ መሻገሪያው ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ከዚያ ቫኑ አለ። መመለሻውም ያው ነው። አሸዋው ላይ አምስት ስድስት ሰዓት ካገኛችሁ ቀኑ ሞልቷል። የባሕር ሕመም የሚይዘው ሰው ክኒኑን ከመሳፈሩ በፊት ይዋጥ፤ ጀልባው መናወጥ ከጀመረ በኋላ አይረዳም።

ትኬቱን ከፌሪው ኦፊሴላዊ ሽያጭ ብቻ ግዙ፤ መሄጃውንና መመለሻውን አንድ ላይ። አንድ ወዳጄ "የኩሌብራ ፌሪ ፓኬጅ" ብሎ ከአንድ ድረ ገጽ በውድ ገዛ። በፓኬጁ ውስጥ የነበረው ያው የሁለት ዶላሩ ትኬት፣ አንድ የቫን ጉዞና ለፀሐይ የማይበቃ ጃንጥላ ነበር። ፌሪው ሲሰረዝም ሻጩ "የሰረዘው ፌሪው እንጂ እኛ አይደለንም" ብሎ ገንዘቡን አልመለሰም። ከዋናው ሽያጭ የገዛ ሰው ቢበዛ የሚያጣው የሁለት ቡና ዋጋ ነው።

ፌሪው ይሰረዛል፤ ይህን አውቃችሁ ሂዱ። ጀልባ ይበላሻል፣ ለጥገና ይቆማል፣ በምትኩ ያነሰ ጀልባ ይመጣል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ቅድሚያ ለነዋሪው ነው፤ መሆንም አለበት። የኩሌብራና የጎረቤቷ ደሴት የቪዬኬስ ሰው ሆስፒታል የሚሄደውና አስቤዛ የሚሸምተው በዚህ ጀልባ ነው፤ እኛ ለመዝናኛ ነው የመጣነው። ቅዳሜና እሁድ፣ በተለይም በበዓል ሰሞን፣ አትሞክሩት።

ታዲያ ለምን እመክረዋለሁ? ከሴይባ ወደ ሳን ሁዋን ስትመለሱ ሉኪዮ መንገዳችሁ ላይ ስለሆነች። ፌሪው ቢቀር መኪናውን አዙራችሁ ረፋዱ ላይ ጥሩ ባሕር ዳርቻ ትደርሳላችሁ፤ ቀኑ አይባክንም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ፌሪው ይቀርብኛል ብሎ ፈርቶ 550 ዶላር ይከፍላል።

ሉኪዮ ደግሞ እንደ መጠባበቂያ ብቻ የምትታይ አይደለችም። ትንንሽ ልጆች ወይም ዋና የማይችሉ ወላጆች ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያውኑ እሷን ምረጡ። ውኃውን ከፊት ያለው ኮራል ከሞገድ ይጋርደዋል፣ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፣ መጸዳጃና ገላ መታጠቢያ አለ፣ የምትከፍሉት የፓርኪንግ ጥቂት ዶላር ነው። የባሕር ዳርቻው መናፈሻ በሚዘጋበት ቀን እንኳ በመንገድ ቁጥር 3 ከተደረደሩት ስልሳ ገደማ ኪዮስኮች (ትንንሽ ምግብ ቤቶች) ጀርባ ያለው አሸዋ ክፍት ነው። ጉድለቷ ደመናው ነው። ከበላይዋ ኤል ዩንኬ የተባለው የዝናብ ደን አለ፤ ከሰዓት በኋላ ካፊያ ይወርዳል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ቶሎ ያልፋል። እሁድ ሙዚቃው ከየአቅጣጫው ነው፤ ጸጥታ የምትሹ በሥራ ቀን ሂዱ። የውኃው ቀለምም ኩሌብራን አይደርስባትም።

ኢካኮስ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ናት፤ ውኃዋ እጅግ ንጹሕ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን መጸዳጃ የለም፣ የሚሸጥ ውኃ የለም፣ ጥላ ማለት ይዛችሁት የሄዳችሁት ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ካታማራኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሱና በማስታወቂያው ላይ ባዶ የነበረው አሸዋ በሰው ይሞላል። ኢካኮስን የግድ ማየት ካማራችሁ ፋሃርዶ ውስጥ ላስ ክሮአባስ የሚባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ሂዱ፤ ከዚያ በትናንሽ ጀልባ የሚያሻግሩ አሉ፣ ዋጋቸው የካታማራኑ ሩብ ገደማ ነው። በጠዋት ሄዳችሁ ካታማራኖቹ ሲመጡ ተመለሱ። የመመለሻውን ሰዓት ከጀልባው ባለቤት ጋር ቁርጥ አድርጉ፣ ስልኩንም ያዙ። ካታማራን ዋጋው ይገባዋል የምለው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ዋና ሳይችል ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ አስጎብኚ አጠገቡ ሆኖ ኮራልና ዓሣ ማየት ለሚፈልግ።

ከሴይባ በትንሽ አውሮፕላን ኩሌብራ መድረስ ይቻላል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዋጋው ከፌሪው ብዙ እጥፍ። ለደርሶ መልስ አልመክረውም፤ የመመለሻ ፌሪ ላመለጠው ግን ደሴቷ ላይ ከማደር ሊረክስ ይችላል። ቪዬኬስ ለአንድ ቀን አትሆንም። ዝናዋ ሌሊት በሚያበራው የሞስኪቶ ወሽመጥ ነው፤ እሱን ለማየት ማደር ያስፈልጋል፣ ያውም ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት።

ስለ ዕቃ። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን የዋና ማስክ ርካሽ ኮፒ ኢንተርኔት ላይ አትግዙ። በደንብ ያልተሠራው የተነፈሳችሁትን አየር መልሶ ያስተነፍሳችኋል፤ ማዞር ይጀምራል፣ ባሕር ውስጥ ማዞር ደግሞ አደጋ ነው። ዓይንና አፍንጫን ብቻ የሚሸፍነው ተራው ማስክ ይበልጣል፣ ጠርዙ ሲሊኮን ከሆነ። አንዳንዱ "ሲሊኮን" ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ፊት ላይ አይገጥምም፣ ውኃ ያስገባል። ሱቅ ውስጥ ፈትሹት፦ ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ሳይወድቅ ከቀረ ይሆናችኋል። የስልክ ውኃ መከላከያ ቦርሳም ስልክ ሳይገባበት በፊት ሶፍት ተጨምሮበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ጣሉት። እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ግዙ፤ የእኛም ቆዳ በዚያ ፀሐይ ይቃጠላል፣ ጀርባ ላይ በየሰዓቱ ቅባት ከመቀባትም ይቀላል።

ምግብ ከሳን ሁዋን ሱፐርማርኬት ይዛችሁ ሂዱ፤ ኩሌብራ ላይ ዕቃው ሁሉ በጀልባ ስለሚመጣ ውድ ነው። የአሳማ ሥጋ ለማትበሉና ጾም ላይ ላላችሁ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ሞፎንጎ የሚባለው የተወቀጠ የፕላንቴን ምግብ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይገባበታል፣ ባቄላውም ከአሳማ ሥጋ ጋር ሊቀቀል ይችላል። ቶስቶኔስ የሚሉት ተጠፍጥፎ የሚጠበስ ያልበሰለ ፕላንቴን ይሻላል፤ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ግን ጠይቁ።

በፈረንጆች ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ገደማ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም ወደ ካሪቢያን ይመጣል፤ ክምሩ ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በምሥራቅና በደቡብ ያሉ ዳርቻዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተነሳ ፎቶ ፈልጉ እንጂ የሆቴሉን ፎቶ አትመኑ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚሰረዝ ፌሪ ይበዛል። በአሜሪካ የብርድ ወራት የፖርቶ ሪኮ ሰዓት ከዋሽንግተን በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስልካችሁ ሳይስተካከል ቀርቶ የመጀመሪያው ፌሪ እንዳያመልጣችሁ።

ኩሌብራን ወደ አሜሪካ በምትመለሱበት ዋዜማ አታድርጉት። ሁለተኛው ቀን ላይ አድርጉት፤ ፌሪው ቢቀር ያን ቀን ሉኪዮ ትውላላችሁ፣ ለኩሌብራም ሦስተኛው ቀን ይቀራችኋል።