ነፃው 1.1.1.3 ማጣሪያ በባልና ሚስት ቤት፦ ምን ይዘጋል፣ ምንስ ያመልጠዋል?

ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ብሎ የለቀቀው 1.1.1.3 የሚባል የዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም፣ አገልግሎት አለ። ምዝገባም ሆነ ክፍያ የለውም፣ አፕ መጫንም አያስፈልግም። ስልኩ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ሲጠይቅ፣ ገጹ የወሲብ ፊልም ወይም ቫይረስ ያለበት ተብሎ ከተመዘገበ በእውነተኛው አድራሻ ፋንታ የትም የማያደርስ ባዶ አድራሻ ይመልሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው ለልጆቹ ነው የሚጭነው። እዚህ የምናየው ግን ፖርን ትዳራቸው ውስጥ ለገባባቸው ባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚረዳ ነው።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ማየቱን ለማቆም ራሱ ለወሰነ ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጥሩ ማዘግያ ነው። እንደ ዘበኛ ከታየ ግን ደካማ ነው። አንዱ በሌላው ስልክ ላይ ተደብቆ ከጫነው ደግሞ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። (ከዚህ በታች ምሳሌውን በባል እንናገር እንጂ የምታየው ሚስት የሆነችበት ቤትም አለ፤ አጫጫኑም ሆነ ችግሩ ያው ነው።)

አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ስልክ ሥራው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ይፈልጉ፤ ሳምሰንግ ላይ «ኮኔክሽንስ» ውስጥ «ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግስ» ሥር ነው ያለው። ከሚመጡት ሦስት ምርጫዎች የአቅራቢውን ስም የሚያስገቡበትን ይንኩ። እዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ አጭር ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም ብለው ይጻፉና ሴቭ ያድርጉ። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ቁጥሩን ይጽፍና አልሠራ ሲለው ይተወዋል። ይህ ሳጥን የሚፈልገው ስም ነው።

ቁጥሩ የሚገባው ራውተር ላይ ነው። ከራውተሩ ጀርባ በተለጠፈው አድራሻና ፓስዎርድ ገብተው ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ራውተሩ ለቤቱ ስልኮች አድራሻ የሚያድልበትን ገጽ ይክፈቱ፤ ዋናው ዲኤንኤስ ላይ 1.1.1.3፣ ተጠባባቂው ላይ 1.0.0.3 ያስገቡ። ተጠባባቂው ላይ የቆየውን ማጣሪያ የሌለው የጎግል ዲኤንኤስ 8.8.8.8 እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ስልኩ ከሁለቱ የፈለገውን ስለሚጠይቅ ማጣሪያው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፣ ሰውም «ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋዋል። መስመርዎ አይፒቪ6 የተባለውን አዲሱን የአድራሻ ዓይነት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ 2606:4700:4700::1113 እና 2606:4700:4700::1003 ካልተጨመሩ በዚያ በኩል ክፍት ነው። ሲጨርሱ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ። ራውተር ላይ ያለው ማጣሪያ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር አይከተለውም፤ ስለዚህ ስልኩ ላይም መጫን የግድ ነው።

መሥራቱን ለማረጋገጥ የወሲብ ገጽ መክፈት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ለማቆም ለሚታገል ሰው መጥፎ ሐሳብ ነው። ኩባንያው ራሱ ለሙከራ ያዘጋጀው ገጽ አለ፦ ኑዲቲ፣ ነጥብ፣ ቴስትካቴጎሪ፣ ነጥብ፣ ኮም። ይህ ገጽ አልከፍትም ካለ ማጣሪያው ሥራ ላይ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከቤት ሲወጡ ነው። ሆቴል ወይም ካፌ ውስጥ ስልክ ቁጥር ወይም ኮድ የሚጠይቅ ዋይፋይ ላይ ሲገቡ የመግቢያው ገጽ ላይከፈት ይችላል። አንዳንድ መስመር ደግሞ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚሄድበትን 853 ቁጥር በር ይዘጋዋል፤ ያኔ ዋይፋዩ ተገናኝቶ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ይጠፋል። መፍትሔው ለጊዜው «አውቶማቲክ» ላይ መመለስ ነው። ችግሩ፣ ለጊዜው የተባለው እዚያው ይቀራል። ሴቲንጉ ፓስዎርድ ስለሌለው ማንም በአሥር ሰከንድ ያጠፋዋል፣ መጥፋቱንም ለማንም አይናገርም።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ትልቁ ቴሌግራም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ቤት ውስጥ ይህን ያልቆጠረ ግምገማ ግማሽ ግምገማ ነው። ቴሌግራም ቪዲዮዎቹን የሚያመጣው ከራሱ ሰርቨር ስለሆነ ማጣሪያው የሚያየው «ቴሌግራም ተከፈተ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የትኛው ቻናል እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ብሮውዘሩን ዘግቶ ቴሌግራሙን የተወ ሰው ምንም አልዘጋም። ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው፦ ከቻናሎቹ መውጣት፣ የፍለጋ ታሪኩን ማጥፋት፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ሦስቱንም ማለትም የሞባይል ዳታ፣ የዋይፋይና የሮሚንግ ምርጫዎች ማጥፋት፣ ሴቲንግ ውስጥ ለአዋቂዎች የተባለውን ይዘት የሚያሳየው ማብሪያ አለመብራቱን ማየት። ይህ የመጨረሻው የሚሠራው ግን ቴሌግራም ራሱ ምልክት ባደረገባቸው ቻናሎች ላይ ብቻ ነው። ቀድሞ ወርዶ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠውንም ከዚያው ከስቶሬጅ ገጹ «ክሊር ካሽ» ብሎ፣ ከጋለሪውም ለይቶ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞረው አፕ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግተው በነበረበት ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን ጭኖ፣ ከተከፈተም በኋላ ሳያጠፋው ቀርቷል። ቪፒኤኑ ሲበራ ማጣሪያው ሊታለፍ ይችላል። ሦስተኛው የጎግል ምስል ፍለጋ ነው፤ ትንንሾቹ ምስሎች ከጎግል የሚመጡ ስለሆኑ ዋናው ገጽ ቢዘጋም እነሱ ሊታዩ ይችላሉ። የወሲብ ውጤቶችን የሚደብቀው የጎግል ሴፍሰርች «ፊልተር» ላይ መደረግ አለበት። ክሮም ውስጥም «ዩዝ ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚለው ሌላ አቅራቢ ተመርጦበት ከሆነ ብሮውዘሩ ማጣሪያውን ዘሎ ይሄዳል፤ አሁን ያለውን አቅራቢ ወደሚጠቀመው ይመልሱት።

ክሊንብራውዚንግ የተባለው ተፎካካሪ በዚህ በኩል ይሻላል። 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 የሚለው የቤተሰብ ማጣሪያው ሴፍሰርችን በግድ ያበራል፣ የቪፒኤንና የፕሮክሲ ገጾችን ይዘጋል፣ ሬዲትን የመሰሉ ድብልቅ ይዘት ያላቸውንም ይከለክላል። ጥብቅነቱ ግን ያስቸግራል፤ ለሥራ የሚፈልጉት ገጽ ተዘግቶ ሲያገኙት ማጣሪያውን ማጥፋት ይለመዳል፣ ያቺው ልማድ ደግሞ ሌሊት ላይ ትመጣለች። እኛ ለስልክ ክላውድፍሌርን፣ ለቤት ራውተር ክሊንብራውዚንግን እንመርጣለን።

አይፎን ያለው ሰው «ስክሪን ታይም» ውስጥ «ዌብ ኮንቴንት»ን ከፍቶ የአዋቂ ገጾችን የሚገድበውን ይምረጥ። ሳፋሪ ላይ ድብቅ ማሰሻውን አብሮ ያጠፋል፣ ታሪክ መሰረዝንም ይከለክላል። ባለ አራት አኃዙን ኮድ ሌላ ሰው ያስገባው፤ ኮዱ ቢጠፋ በአፕል አካውንት ይመለስ ወይ ሲል ግን ይታለፍ፤ አለዚያ ባለቤቱ ራሱ ይከፍተዋል።

ኮዱን ማን ይያዘው? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከስልክ ወጥቶ ወደ ትዳሩ የሚገባው። ብዙ ባል «አንቺ ያዢው» ይላል፤ ቅን ይመስላል፣ ሸክሙን ግን አሳልፎ መስጠት ነው። ሚስት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂ ትሆናለች። ስልኩ ተደፍቶ ሲቀመጥ፣ መታጠቢያ ቤት ሲቆይ፣ ሌሊት የስክሪኑ ብርሃን ሲታይ ትቆጥራለች። «አሁንም አየህ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከእራት ጋር ይቀርባል። እሱ ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ይዋሻል፣ ውሸቱ ሲወጣ ደግሞ ከማየቱ ይልቅ መዋሸቱ ያቆስላታል። ስለዚህ ኮዱንም ሆነ ከታች የምናነሳው አፕ የሚልከውን ሪፖርት የሚይዘው ሦስተኛ ሰው ይሁን፦ ምስጢር የሚጠብቅ ጓደኛ፣ ታላቅ ወንድም፣ ወይም ለሚቀርባቸው ሰው የነፍስ አባት። ሚስት ሰውየውን ታውቀው፣ በምርጫውም ትስማማ፤ ዝርዝሩ ግን በየቀኑ አይድረሳት።

ሪፖርት የሚልኩ አፖች ውስጥ የታወቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ የተመሠረተው ኮቨናንት አይስ ነው። የስክሪኑን ምስል እያነሳ፣ አደብዝዞ፣ አጠራጣሪ የመሰለውን እርስዎ ለመረጡት ሰው ይልካል። አንድሮይድና ኮምፒውተር ላይ ብዙ ያያል። አይፎን ላይ ግን አፕል አንዱ አፕ የሌላውን ስክሪን በዝምታ እንዲያነሳ ስለማይፈቅድ የሚያየው ያንሳል። ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ፦ እንዲህ ያለ አፕ የሚያነሳው የወሲብ ምስል ብቻ አይደለም፤ የባንክ ገጽም፣ የሌላ ሰው መልእክትም ይገባበታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጎግል የአንድሮይድ ፈቃዶችን አላግባብ ተጠቅሟል ብሎ ከመደብሩ አውጥቶት ነበር፣ ኋላ ተመልሷል። ከአገር ቤት ለመክፈል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋል።

አፑም ሆነ ማጣሪያው የማይነካው ነገር ለራስ ያለ ግምት ነው፤ ይህ ደግሞ በሁለቱም ወገን ይወርዳል፣ በተለያየ መንገድ። እሷ «እኔ ምን ጎደለኝ?» ትላለች፤ ሰውነቷን ስክሪን ላይ ካሉት ጋር ታወዳድራለች፣ መብራት ይጥፋ ትላለች፣ መቀራረቡን መሸሽ ትጀምራለች። እሱ ሽሽቱን «አትፈልገኝም» ብሎ ያነበዋል። ቀድሞውኑ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ከሆነ፣ ስክሪኑ የማይነቅፈው፣ እምቢ የማይለው ቦታ ነውና ወደዚያው ይመለሳል። ካየ በኋላ ያፍራል፣ ሐፍረቱ ለቀጣዩ ምሽት መነሻ ይሆናል። ማጣሪያ ተጭኖ ይህ ካልተነገረ የሚለወጠው የሚታይበት መንገድ ብቻ ነው። ለእሷ ቶሎ መነገር ያለበት ሐቅ አለ፦ ልማዱ ብዙ ጊዜ ከጋብቻ በፊት የጀመረ ነው፣ መልኳም አላመጣውም፣ መልኳን ማሳመርም አያጠፋውም። ይህን እሱ ራሱ በአፉ ቢናገረው ሽማግሌ ከሚነግራት ይበልጣል።

ሳሙኤል ፔሪና ሳይረስ ሽላይፈር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአሜሪካ ጥናት፣ በሁለት የመጠይቅ ዙሮች መካከል ፖርን ማየት የጀመሩ ባለትዳሮች የመፋታት ዕድል ከ6 ወደ 11 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቀድሞ የተቃወሰ ትዳርም ሰውን ወደ ማየት ሊገፋ ስለሚችል ቁጥሩ «ፖርን አፋታቸው» ማለት አይደለም። ችላ የሚባል ነገር እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

«ሱሰኛ ነኝ» የሚለውንም ለመናገር አይቸኩሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር አስገዳጅ የወሲብ ባህርይ የሚለውን ችግር የሚመድበው ከሱስ ጋር ሳይሆን ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ነው። ለረጅም ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ፣ መቆጣጠር ያቃተውና ሕይወቱን ያወከ መሆን አለበት፤ ድርጊቱን በሥነ ምግባር ስለሚቃወመው ብቻ መጨነቁ ለምርመራው አይበቃም። ሃይማኖት በጠበቀበት ቤት ይህ ልዩነት ይጠቅማል፤ በወር አንዴ አይቶ ራሱን እንደ በሽተኛ የሚቆጥር ሰው አለ፣ በዚያ ስም ተስፋ የሚቆርጥም አለ። ቁጥጥሩ በእርግጥ ከጠፋ፣ ሥራና እንቅልፍ ከተነካ፣ ወይም ድብርት ካለ፣ ቦታው የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ባል በስክሪን ያየውን ሚስቱን ካስገደደ ግን ነገሩ የማጣሪያም የምክርም አይደለም፤ መጀመሪያ የእሷ ደኅንነት ነው።

ለአፕ መክፈል ለማይችሉ፣ ነፃው ማጣሪያ ላይ በሳምንት አንዴ የሚላክ መልእክት ቢጨመርበት አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ሰውየው ቀን ቆርጦ፣ እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ ለመረጠው ሰው አራት ነገር ይጽፋል፦ ማጣሪያው አሁን በርቷል ወይ፣ ሳምንቱን ጠፍቶ ነበር ወይ፣ ካየ ከማየቱ በፊት የነበረው ስሜት ምንድን ነው (ድካም፣ ጭቅጭቅ፣ ብቸኝነት)፣ ስልኩስ ሌሊት የት አደረ። ያየውን አይግለጽ፣ የሚጠይቀውም ዝርዝር አይጠይቅ። ከሚስቱ ጋር የሚነጋገሩትም በተቀጠረ ሰዓት፣ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የስልኩ ቻርጀርም ከዚያው ቀን ጀምሮ ሳሎን ይሰካ።