ሞተሬን ሐረጎን ላስወጡልኝ የኮምቦልቻው ጋሼ

ከውጭ ያገለገለ ሞተር ሳይክል አምጥታችሁ ዳገት ላይ እያነቀ ያስቸገራችሁ ካላችሁ፣ ሌላ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሜካኒክ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ከልክለውኛል። «ከወደድኸው ሥራውን አመስግን፤ ስሜን ተወው» ነው ያሉኝ። እሺ ብያለሁ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሰፈርተኛውም እንደዚያው ነው የሚጠራቸው። ምስጋናውን ግን አልተውም። ዝም ብል ይቆጨኛል።

ዱባይ ውስጥ ለዓመታት ምግብ በሞተር ሳደርስ ነው የኖርኩት። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሄልሜት ውስጥ ጭንቅላት ይቀቀላል። እንጀራዬ ሞተር ላይ ስለነበር፣ ጠቅልዬ ልገባ ስል አንድ ሞተር ይዤ መግባት አማረኝ። እዚህ መጥቼ ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ልሠራ አስቤ ነበር። እናቴ «ልጄ ወርቅ ይዞ ይመጣል ስል ብረት ጭኖ መጣ» እያለች እስከ ዛሬ ትቀልድብኛለች።

የገዛሁት ሻርጃ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ነው። 150 ሲሲ ሆንዳ ነው፤ እዚያ ምግብ አድራሹ የሚወደው ዓይነት። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኪሎሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይልቅ የእግር መርገጫውን ጎማ፣ የማርሹን ጫፍና የእጅ መያዣውን እዩ። ቆጣሪው ትንሽ ነው የተነዳ እያለ የመርገጫው ጎማ አልቆ ብረቱ ከወጣ፣ ውሸታሙ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሻንሲው ላይ የተመታውንም ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ውስጡ ‹ኦ› የሚባለው የፈረንጅ ፊደል አይገባም፤ ክብ የሆነው ሁሉ ዜሮ ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰውዬ ዜሮዋን ‹ኦ› አድርጎ ከጻፋት በኋላ መከራው የእናንተ ነው።

ቤንዚኑ ከታንኩ ተንጠፍጥፎ ወጥቶ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ በእንጨት ሳንዱቅ ታሽጎ ከዱባዩ ጀበል አሊ ወደብ ወደ ጅቡቲ ተጫነ። ከዚያ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ገባ። የጉምሩኩን ነገር ብዙ አላወራም፤ ብዙውን ትራንዚተሩ ነው የጨረሰው። ቀረጡ ግን በገዛችሁበት ዋጋ ላይ ብቻ አይሰላም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመራሉ። ያገለገለ ተሽከርካሪ ስለማስገባት ያለው ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። እዚያ ሆናችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚህ ያለ ዘመድ ጉምሩክ ልካችሁ የሰሞኑን አስጠይቁ። «እኔ አሳጥርልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ኪሳችሁን ያዙ። እኔን ያሳጠረልኝ ገንዘቤን ብቻ ነው።

ሊብሬው ወጣ፣ ታርጋው ተለጠፈ። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሞተሩ እንደ ልቤ ሄደልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ ደሴ ሆና ቡና አቅርባ ትጠብቀኛለች። ሐረጎን ጀመርኩ።

ሐረጎን ለማያውቅ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። መሃላቸው ያለው ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ነው ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጡት። የጅቡቲ ጭነት ያዘለው ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል፤ ጉሙ ድንገት ይመጣና አፍንጫችሁ ላይ ይቀመጣል። ሞተሬ ዳገቱን ትንሽ እንደያዘ ማነቅ ጀመረ። ጋዝ ስሰጠው ይብስበታል። ጥቁር ጭስ ይተፋል። ማርሽ ቀነስኩ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ቀጥ አለ። ከዱባይ ያመጣሁትን ሞተር ሐረጎ ላይ እየገፋሁ ነው እናቴ ዘንድ የገባሁት። አንድ የአይሱዙ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «አይዞህ፣ በግ ብትገዛ ይሻልህ ነበር!» ብሎኝ አለፈ።

ከዚያ የጋራዥ ዘመኔ ተጀመረ። የት የት እንደሄድኩ አልናገርም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ሞተሩን ገና ሳያስነሳ «ፒስተኑ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ሌላው በሄድኩ ቁጥር ካንዴላ፣ ያንን ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ይቀይራል። አዲስ ካንዴላ ሲገባ ሞተሩ ትንሽ ይሄድና እኔም ድኖልኛል ብዬ ደስ ይለኛል፤ ሐረጎ ላይ እንደገና ያው ነው። ገንዘቤን ስጠይቅ «ከውጭ የመጣ ነው እኮ፣ ምን ላድርግህ» ይለኛል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሞተሩን አሳድሮ የማይድን በሽታ እንደያዘው አድርጎ የነገረኝ ነው። ዕቃው አገር ውስጥ አይገኝም አለኝ። ገና ከበሩ ሳልወጣ አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ «ለመለዋወጫ ከሆነ እኔ እወስደዋለሁ» ብሎ ዋጋ ጠራልኝ። የጠራው ዋጋ የሳንዱቁን እንጨት አይገዛም። ሁለቱ ሲጠቃቀሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በበረሃ ፀሐይ የተለቀመ ገንዘብ ነው እኮ! ሰው ትንሽ አያዝንም?

ልሸጠው ጫፍ ደርሼ ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው «ወደ ባቲ መውጫ ያሉት ጋሼ ሳያዩት እንዳትሸጥ» ያለኝ። ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ጋሼ ጋራዥ ስትሉ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውጪ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ቡና ይዞ ይቀመጥበታል። ስደርስ አንድ ልጅ «ቡና ጀባ» ብሎ ሲኒ ሰጠኝ። ጋሼ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት። ስለ ፒስተን አላወሩም። ይከፈት አላሉም።

«ይሄ ሞተር የት ነበር የኖረው?» አሉኝ።

«ዱባይ ነው ጋሼ።»

«ባሕሩ አጠገብ?»

«አዎ።»

ሳቅ አሉ። ከዚያ ካንዴላውን ፈተው አወጡት። ጫፉ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጥቀርሻውን አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ሞተርህ ምንም አልሆነም። አየሩ ነው የሳሳበት። እዚያ ታች ላለው አየር ተለክቶ የሚገባው ቤንዚን፣ እዚህ ላይ ሲመጣ ይበዛበታል። የተረፈው በደንብ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ዳገቱ ላይ የሚያንቅህ እሱ ነው።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስንት ሰው እጁን ሲያስገባበት የነበረ ሞተር፣ የት ነበር የኖረው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እሳቸው ሳይፈቱት ጠየቁ። በዚያች ጥያቄ ብቻ ግማሹ ሕመሜ ለቀቀኝ።

ቀጥሎ ያደረጉትን እውነት ለመናገር አልገባኝም። ካርቡራቶሩን፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ አወረዱት። ከሆዱ ውስጥ አንዲት ሚጢጢ ቢጫ ብሎን አወጡ፤ መሃሏ ቀዳዳ አላት። ወደ በሩ ዞረው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጮለቁባት። ከዚያ ከአንድ የድሮ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ብሎን ፈልገው አወጡና ሁለቱንም መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «እይ፣ ይህችኛዋ ትጠባለች፤ ቤንዚኑን ታሳንሳለች» አሉ። እኔም አጮለቅሁ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። «አዎ ጋሼ» አልኩ እንጂ ምን እላለሁ።

ገጣጠሙና አስነሱት። ድምፁ ተለወጠ። ኪሴን ስዳብስ «ገና ነው፤ ጋራዥ ውስጥማ ሁሉም ሞተር ጤነኛ ነው» አሉኝ። በቱታቸው ላይ ጃኬት ደረቡ። ካንዴላ መፍቻና ካቻቪቴ ኪሳቸው ከተቱ። «ከኋላ ውጣ፤ ሐረጎን አብረን እናየዋለን» አሉ።

አስቡት! ወረፋ የሚጠብቃቸው ሰው አለ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ዕድሜ አያንስም። ቀኑ ደግሞ ጉም ነበር። የሰው ሞተር ይዘው ዳገት ሊወጡ ተነሱ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አቆሙ። የጋለውን ካንዴላ በጨርቅ ይዘው ፈቱት፣ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የካርቡራቶሩ ጎን ላይ ያለች አንዲት ብሎን ነካ አደረጉ። ደግሞ ትንሽ ሄድን፣ ደግሞ አቆሙ። ካፊያው ትከሻቸው ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው ካንዴላ ያያሉ። «ጋሼ ይበቃል፣ ይበርድዎታል» ስላቸው መልስ አልሰጡኝም። በመጨረሻ ካንዴላውን ወደ እኔ ዘረጉት። ጥቁረቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። የቀረውን ዳገት በሙሉ እኔ ነኝ የነዳሁት፤ እሳቸው ከኋላዬ ሆነው ድምፁን ያዳምጣሉ። ሁለት ሰው ጭኖ፣ አንድም ጊዜ ሳያነቅ ወጣ። ከባድ መኪና ደርቤ ሳልፍ በሆዴ ያንን የአይሱዙ ረዳት ነበር የምፈልገው። ደሴ ስንገባ እንባዬ መጣ፤ ጉሙ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ካልገቡ ብዬ አስቸገርኳቸው። እናቴ ቡናውን አቅርባ ነበር። አቦሉን ብቻ ጠጡና «ጋራዡ ላይ ሰው ጥያለሁ» ብለው ተነሱ። እናቴ በረካው ሳይደርስ አይሄዱም ብላ ብትለምናቸውም አልሆነም። ዱዓ አድርጋ መረቀቻቸው፤ «አሚን፣ አሚን» እያሉ ወጡ። ሚኒባስ ተሳፍረው ተመለሱ። ታሪፉን ልክፈል ብል እጄን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። የሥራቸውን ዋጋ ከነገሩኝ በኋላ የሰማሁ አልመሰለኝም፤ ደግሜ ጠየቅኋቸው። እነዚያ ሰዎች ዘንድ ለካንዴላ ብቻ ካወጣሁት ያንሳል።

ከመሄዳቸው በፊት አሮጌዋን ብሎን በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይህችን እንዳትጥላት። ሚሌ ወይም ሎጊያ ወርደህ ልትሠራ ከሆነ መጀመሪያ እሷን አስመልስ። ያቺ ጠባቧ ታች ላይ ቤንዚን ታሳንስበታለች፤ ሞተሩ ይግላል» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል፤ ሞተሩ ሲበላሽ ተመልሼ እመጣ የለ! እሳቸው ግን ነገ የሚያገኙትን ገበያ ዛሬ በራሳቸው አፍ ዘጉት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምላችሁ።

አሁን በየቀኑ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ያ «ይውረድ» የተባለው ሞተር ሳይወርድ እየሠራ ነው። ለካ ሞተሩን አስወርጄ ቢሆን ጤነኛ ዕቃ ነበር የሚጣለው። በነገራችን ላይ ስሰማ የባሰባቸው ሞልተዋል። ጤነኛ ፒስተን ያስጣሉ፣ ሞተራቸውን በግማሽ ዋጋ የሸጡ ልጆች አግኝቻለሁ። ሁሉም ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ ሞተር ነው፤ ሁሉም ዳገት ላይ ነው የሚያንቀው።

እባካችሁ ጋሼ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሳታስፈቱ፣ ሳትሸጡ መጀመሪያ ጋሼ ጋ ሂዱ። እጃቸው ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አዲሶቹ ኮምፒውተር ያላቸው ሞተሮች ግን አየሩን ራሳቸው ይለካሉ፤ እነሱ ቢያስቸግሯችሁ ችግሩ ሌላ ነው። ጋሼም «የኮምፒውተሩን እኔ አልችልም» ብለው በግልጽ ይናገራሉ እንጂ ገንዘባችሁን አይበሉም።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫውን ይዛችሁ የባጃጅ ሹፌሮቹን «የሞተሩ ጋሼ» በሏቸው፤ ያሳዩዋችኋል። አርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ጠዋት ሂዱ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነውና መንገደኛ ይበዛባቸዋል፤ ሌላ ቀን ይሻላል። ስትደርሱ ሞተሩ ከየት እንደመጣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ባትነግሯቸውም እሳቸው መጠየቃቸው አይቀርም። ሌላ ጋራዥ የሰጣችሁን ዝርዝር ግን አታሳዩዋቸው፤ ይናደዳሉ።