የመጨረሻዎቹ ወራት፦ ከልጆቹ ጋር ወይስ ከመምህራኑ ጋር?

የካ አባዶ፣ እኛ ትምህርት ቤት፣ ከውጭ የመጣችው የበጎ ፈቃድ መምህርት ዓመቷ ሊያልቅ ነው። እስከ ሰኔ እንግሊዝኛ ራሷ ታስተምር ወይስ ከእኛ ከመምህራኑ ጋር ትሥራ?

ራሷ ብታስተምር ልጆቹ ይወዱታል። ስድስተኛ ክፍሎችም ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለባቸው ይጠቀማሉ። ግን ስትሄድ ትምህርቱም አብሯት ይሄዳል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቹ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአብዛኛው በአማርኛ ይማራሉ፤ ሰባተኛ ሲገቡ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። አምና እጁን እያወጣ ይመልስ የነበረ ልጅ አንገቱን ይደፋል። እውነቱን ለመናገር፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ብዙዎቻችንንም ይከብደናል። ሰሞኑን እሷና የሒሳብ መምህሩ ተቀምጠው የክፍልፋይን ትምህርት በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጁ። በማግስቱ እሱ አስተማረ፤ እሷ የኋላ ዴስክ ላይ ሆና፣ ልጆቹ ግር ያላቸው የቱ ጋ እንደሆነ መዘገበች። እሱ መስከረም ላይም እዚሁ ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1962 መምጣት ከጀመሩ ወዲህ አገራችን ስንቱን በጎ ፈቃደኛ ተቀብላ ሸኝታለች!

የቅዳሜ ጠዋቱን የንባብ ክበብ ግን እስከ መጨረሻው ባታቋርጥባቸው ደስ ይለኛል።