ጎንደር ላይ ቻይንኛና ኮሪያኛ ተማርኩ

ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሦስት ወር በማታ ተማርኩ። ስሟን አልጠራም። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ነበርን፣ ትልቁ ጥቅሟም ይሄ ነው፤ መምህሩ እየዞረ እያንዳንዳችንን ያስደግመናል፣ ኋላ ወንበር ላይ መደበቅ ብሎ ነገር የለም።

ቻይንኛው አናታችንን አዞረው። «ማ» በቃናዋ ብቻ እናትም ፈረስም ትሆናለች። እኛም «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ሌላ ነው አይደል? አንድ ማታ እናቴን አስተዋውቃለሁ ብዬ ፈረሴን አስተዋወቅሁና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኮሪያኛ ግን ለእኛ ይቀላል ባይ ነኝ። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ትልቅ ሰውን «አንተ» እንደማንለው ሁሉ እነሱም የአክብሮት አነጋገር አላቸው። ፊደላቸው ሀንጉል ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ይፋ ያደረገው ነው፣ ዛሬ መሠረታዊዎቹ 24 ብቻ ናቸው። ከሀ እስከ ፐ እየጮኸ ላደገ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል! በሁለት ሳምንት ማንበብ ጀመርኩ። የማነበውን መረዳት ሌላ ጉዳይ ነው።

ያበሸቀኝ መጽሐፉ ነው። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስለሆነ በላቲን ፊደል ከተጻፉት የቻይንኛ ቃላት በላይ ያሉት ትንንሽ የቃና ምልክቶች ጠፍተዋል፣ ያለ እነሱ ደግሞ እናትና ፈረስ አይለዩም። በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ስንጨምር አመሸን። «ባህል» ተብሎ የተከፈለበትም ሁለት ቪዲዮ ሆኖ ቀረ፣ አንዱን መብራት ሄዶ አልጨረስነውም።

ለቀጣዩ ዙር ተመዝግቤያለሁ፣ ኮሪያኛውን ብቻ።