ሲዲ4 ለመለካት፦ ስትሪፕ ወይስ ካርትሪጅ?

ሲዲ4 ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው፤ ቁጥራቸው በጣት ደም የሚለካባቸው ሁለት መንገዶች እነዚህ ናቸው። ጎንደር ከተማ ያለ ጤና ጣቢያና መተማ ቆላ ያለ ጤና ጣቢያ ምርጫቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

ፒማ (ካርትሪጅ)፦ ከጣት 25 ማይክሮሊትር ደም በካርትሪጁ ቀጭን ቦይ ይሳባል፤ የማሽኑ ካሜራ ቀለም የተያያዘባቸውን ሴሎች ቆጥሮ በ20 ደቂቃ ቁጥሩን ይሰጣል።

ቪዚቴክት (ስትሪፕ)፦ ማሽን የለውም። 30 ማይክሮሊትር ደም፣ 40 ደቂቃ። የሚለየው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ያለው የሲዲ4 ቁጥር ከ200 በላይ ወይም በታች (የከፋ የኤችአይቪ ደረጃ) መሆኑን ብቻ ነው።

ወጪ፦ ፒማ ማሽኑን መግዛትና ማስጠገን ይጠይቃል፤ ስትሪፕ የሚከፈልበት በምርመራ ብቻ ነው።

ስሕተት፦ ካርትሪጁ ውስጥ አየር ከገባ ወይም ደሙ ከረጋ ማሽኑ ውጤት አይሰጥም፤ ካርትሪጁም ይባክናል። የመጀመሪያውን የደም ጠብታ ጠርጎ በሁለተኛው መሙላት ይረዳል። የስትሪፕ ስሕተት ግን ድምፅ የለውም፤ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ደሙ ከገባ ከ3 ደቂቃ በኋላ አንድ ጠብታ ቡፈር (ከስትሪፑ ጋር የሚመጣ ፈሳሽ)፣ ከ17 ደቂቃ በኋላ በሌላኛው ጉድጓድ ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ መጠበቅ። ወረፋ ሲበዛ ሰዓቱ ይዘነጋል። ንባቡም በዓይን ነው፦ የምርመራው መስመር 200ን ከሚያመለክተው ማመሳከሪያ መስመር ይልቅ ከጠቆረ ከ200 በላይ፣ ከደበዘዘ በታች። ሰዓት መቁጠሪያና ጥሩ ብርሃን የግድ ነው።

ሙቀት፦ ሁለቱም ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ መተማ ላይ ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ያስፈልጋል።

ብዙ ታካሚ፣ ኃይልና ጥገና ካለ ፒማ፤ የቁጥር ክትትልም ሲፈለግ እሱው። ታካሚ ጥቂት፣ መንገዱ ሩቅ፣ ጥያቄውም «የቲቢና የክሪፕቶኮከስ (አንጎልን የሚያጠቃ ፈንገስ) ምርመራ ዛሬውኑ ይጀመር?» ከሆነ ስትሪፕ ይበቃል።