አዲስ እንስሳ ሲገኝ፦ መልክ ወይስ ዲኤንኤ?

አዲስ የሚመስል እንስሳ ሲገኝ ተመራማሪዎች ሁለት መንገድ አላቸው።

የቆየው መንገድ አካሉን ማየትና መለካት ነው፤ ጥርስ፣ ቅርፊት፣ ቀለም፣ አጥንት። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. እንስሳትን የመደበው በዚሁ ነው። ወጪው ትንሽ ነው። ለቅሪተ አካልም ይሠራል፤ ከዳይኖሰር አጥንት ዲኤንኤ አይገኝማ!

ግን መልክ ያታልላል። የአፍሪካ የጫካና የሳቫና ዝሆኖች ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ተብለው ይቆጠሩ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ልዩነታቸው ጥልቅ መሆኑን አሳየ። በ2021 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋቸውን ለየብቻ መዘነ። የጫካው ዝሆን ይበልጥ አስጊ ሁኔታ ላይ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ያልተለየ ዝርያ ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ዲኤንኤውን ማንበብ ነው፤ ለዚህ እጭ ወይም የእግር ቁራጭ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚነበበው ሲኦአይ የተባለው ዘረመል ግን በአብዛኛው ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ያሳስታል።

ስለዚህ ዲኤንኤው ይጠቁም፣ አካሉ ያረጋግጥ እላለሁ። የእንስሳት ስያሜ ደንቡም ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአዲስ ዝርያ ስም የሚሰጥ ሰው መለያ ናሙናውን፣ ማለትም ስሙ የተመሠረተበትን የእንስሳ አካል፣ በግልጽ እንዲያመለክት ያስገድዳል።