ስኩሽን ለዌብሳይት ፎቶ ሞከርኩት፦ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን ብቻውን አይበቃም

ቱሉ ዲምቱ ላለ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ያምራል። ባለቤቱ በስልካቸው ከፈቱት፣ ነጭ ነጭ ሳጥን እያዩ ጠበቁ ጠበቁና "ልጄ፣ ሶፋው የታለ?" አሉኝ። ክው አልኩ። ፎቶዎቹን ስልክ እንዳነሳቸው ነበር የጫንኳቸው፤ አንዱ 4 ሜጋባይት፣ 12ቱ ሲደመሩ 48። ኔትወርኩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ይሄን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ደንበኛ የለም። ቢጠብቅም ፓኬጁን ነው የምንበላበት።

ከዚህ ያወጣኝ ስኩሽ (Squoosh) የሚባል የፎቶ ማሳነሻ መሣሪያ ነው። የጉግል ክሮም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ነው። ነፃ ነው፣ ምዝገባ የለውም፣ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል። ከሁሉም የወደድኩለት ፎቶውን የትም አለመላኩን ነው፤ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያሳንሰዋል። ዳታ ቆጥቦ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ፎቶው መሃል ላይ የሚንሸራተት መስመር አለ፤ በአንድ በኩል ዋናው፣ በሌላ በኩል የተጨመቀው። የሶፋውን እጀታ አጉልቼ መስመሩን መለስ ቀለስ አደረግኩት። ጥራቱ ከ100 40 ላይ ሲሆን የዋንዛው ጅማት ተድበስብሶ ፕላስቲክ መሰለ። የእንጨት ሥራ ለሚሸጥ ሰው ይሄ ኪሳራ ነው። 75 ላይ ግን ልዩነቱን ማየት አቃተኝ። ስፋቱን ከ4000 ፒክስል ወደ 1080 አውርጄ ዌብፒ (WebP) በሚባለው ለዌብሳይት በተሠራ የፎቶ ፎርማት ሳስቀምጠው 130 ኪሎባይት ሆነ። 1080 ያልኩት ብዙ ስልኮች ለዌብሳይት 360 ፒክስል አካባቢ ስፋት ስላላቸው ነው፤ ስክሪኑ ሦስት እጥፍ የጠራ ቢሆን እንኳ ከዚያ በላይ አይፈልግም።

ቅሬታዬ አንድ በአንድ ማሠራቱ ነው። 12 ፎቶ፣ ለተለያየ ስክሪን እንዲሆን በሦስት መጠን፣ 36 ጊዜ! ከምሳ በኋላ ጀምሬ ሲመሽ ጨረስኩ። ብዙ ፎቶ ካላችሁ ሌላ መሣሪያ ፈልጉ።

ደግሞ የትኛው ስክሪን የትኛውን ፎቶ ይውሰድ የሚለው የኮዱ ሥራ ነው። ሦስቱንም መጠን የፎቶው ኮድ ውስጥ "ሶርስሴት" (srcset) ላይ ከነስፋታቸው ስትጽፉ ብሮውዘሩ ራሱ ይመርጣል። እኔ ፎቶው ገጹ ላይ ምን ያህል ስፋት እንደሚይዝ የሚናገረውን "ሳይዝስ"ን (sizes) ረስቼ ነበር፣ እሱ ከሌለ ብሮውዘሩ ፎቶው የስክሪኑን ሙሉ ስፋት የሚይዝ ይመስለዋል፣ የእኔ ፎቶዎች ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ስልኩ በከንቱ ትልቁን ያወርድ ነበር። የፎቶውን ስፋትና ቁመትም ጻፉ፣ አለበለዚያ ፎቶ በመጣ ቁጥር ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል። ሌዚ ሎዲንግን፣ ማለትም ፎቶው ሊታይ ሲቃረብ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገውን፣ ገጹ ላይ ከታች ላሉት ብቻ አድርጉት፤ እኔ ሁሉም ላይ ጭኜው መጀመሪያ መታየት ያለበት ሶፋ ዘግይቶ መጣ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለ36ቱ ቀንሼ።

ትናንት ወርክሾፑ ሄጄ በዚያው ስልክ ከፈትነው። ሶፋው ወዲያው መጣ። ጋሼ እጀታውን በሁለት ጣት አጉልተው ሲያዩ ቆዩና "አልጋዎቹንስ መቼ ነው የምትጭናቸው?" አሉኝ።